ከዶን ተላልፎ የሚሰጥ የለም፦ የኮሳኮች አሮጌ መዲናና የነፃነታቸው ዋጋ

በደቡብ ሩሲያ፣ ከሮስቶቭ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ ዶን ወንዝ ዳር ስታሮቼርካስካያ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች፤ ድሮ ቼርካስክ ተብላ የዶን ኮሳኮች መዲና ነበረች። ዛሬ በአስተዳደር ደረጃ ከተማ እንኳ አትባልም፤ የገጠር መንደር ናት። መሃሏ ላይ ግን ለመንደር የማይመጥን ባለ ዘጠኝ ጉልላት ካቴድራል ቆሟል። በመግቢያው በኩል ወፍራም የብረት ሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይታያል። የአገሩ ሰው ከአባት ከአያቱ ሰምቶ እንደሚያወራው፣ ስቴንካ ራዚን የተባለው የዓመፅ መሪ በ1671 ወደ ሞስኮ ተወስዶ ከመገደሉ በፊት የታሰረው በዚህ ሰንሰለት ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራዚን ኮሳክ ነበር። ይዘው ያሰሩትና ለንጉሡ ያስረከቡትም ኮሳኮች ናቸው። እነዚሁ ኮሳኮች ደግሞ ከምንም በላይ የሚኮሩበት አንድ ሕግ ነበራቸው፦ «ከዶን ተላልፎ የሚሰጥ የለም»። ወደ ዶን ሸሽቶ የመጣ ሰው፣ ማንም ይሁን ምን ያድርግ፣ ለጌታውም ለንጉሡም አይመለስም ማለት ነው። ታዲያ ይህን ሕግ ያወጡ ሰዎች የገዛ ወንድማቸውን በሰንሰለት አስረው እንዴት አሳልፈው ሰጡ? መልሱን ያገኘ ሰው፣ ከጌታ አምልጠው የሸሹ ሰዎች ልጆች በመጨረሻ የንጉሥ ፈረሰኛ የሆኑበትን ምክንያት አብሮ ያገኘዋል። መልሱን ፍለጋም ከዚች መንደር የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

ኮሳክ ማን ነው?

ቃሉ የመጣው ከቱርክ ቋንቋዎች ነው፤ በማንም ሥር ያልታቀፈ፣ ራሱን ችሎ የሚንከራተት ነፃ ሰው ማለት ነው። ካዛክስታን የሚለው ስምም ከዚሁ ሥር ነው የወጣው፤ ካዛኮች ግን ራሱን የቻለ ሌላ ሕዝብ ናቸውና ሁለቱን አለማምታታት ጥሩ ነው። በእኛ ቋንቋ «ሸፈተ» ስንል ቀማኛም ማለታችን ሊሆን ይችላል፣ በደል አልቀበልም ብሎ ዱር የገባ ጀግናም። ኮሳክ የሚለው ቃልም በጥንት ዘመኑ እንዲሁ ሁለት ፊት ነበረው። ለሞስኮ ሹማምንት ሽፍታ፣ ለገበሬው ደግሞ የነፃነት ምልክት።

ኮሳክን ያበዛው የሩሲያ የመሬት ሥርዓት ነው። በሩሲያ ገበሬ በጌታ መሬት ላይ ያርሳል፤ ግብር ይከፍላል፤ ጉልበቱን ይገብራል። ይህን ያህሉ የእኛን አገር ጭሰኛ ያስታውሳል። የሚለየው ቀጥሎ ያለው ነው። በ1497 የወጣው ሕግ ገበሬው ጌታውን ትቶ የሚሄድበትን ጊዜ በዓመት ሁለት ሳምንት ብቻ አደረገው፦ በኅዳር ከሚውለው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በፊት አንድ ሳምንት፣ ከበዓሉ በኋላ አንድ ሳምንት። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ይህችም ተነፈገችው። በ1649 ደግሞ የጠፋ ገበሬ የሚፈለግበት የጊዜ ገደብ ጭራሹን ተነሣ። አባትህ ከሃያ ዓመት በፊት ሸሽቶ ቢሆን እንኳ፣ አንተ ተፈልገህ ለጌታው ትመለሳለህ።

እንዲህ ሲሆን ሰው ወደ ደቡብ ይሸሻል። በሞስኮ ግዛትና በክሪሚያ ታታሮች አገር መካከል ማንም በቅጡ የማያዝዝበት ሰፊ የሣር ሜዳ ነበር። ሩሲያውያን «ዱር ሜዳ» ይሉታል። ዶን ይህን ሜዳ አቋርጦ 1,870 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዞቭ ባሕር ይገባል። ሸሽቶ የመጣው ሰው ወንዙ ዳር ይሰፍራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ አውሬ ያድናል፤ አጋጣሚ ሲገኝም ጀልባ ይዞ ቱርኮችንና ታታሮችን ይዘርፋል። አብዛኛው ሩሲያዊ ቢሆንም ከዩክሬን የመጣም፣ ታታርም፣ ካልሚክም ነበረበት። በመዲናዋ ውስጥ መስጊድ ያለው የታታሮች ሰፈር እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህ ኮሳክ በጅምሩ የዘር ስም አልነበረም፤ የኑሮ ስም ነበር።

ንጉሥ ኢቫን 4ኛ፣ «አስፈሪው» የሚባለው፣ በጥር 1570 ለዶን ኮሳኮች ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። የዶን ኮሳክ ሠራዊት የተመሠረተበት ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ የሚከበረው ይኸው ነው። ልብ ይበሉ፦ ነፃ ሰዎቹ ልደታቸውን የሚቆጥሩት ንጉሡ ደብዳቤ ከላከላቸው ቀን ጀምሮ ነው።

ጎርፉ እንደ ቅጥር

ቼርካስክ በጽሑፍ የምትታወቀው ከ1593 ጀምሮ ሲሆን፣ የዶን ኮሳኮች መዲና የሆነችው በ1644 ነው። ካርታ ላይ ቦታዋን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እዚህ ረግረግ ውስጥ ከተማ የሚቆረቁር ማን ነው?» ብሎ ነው። መሬቱ ዝቅተኛ ነው። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ ዶን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይወጣና ሜዳውን ሁሉ ያለብሰዋል። ከተማዋ ደሴት ትሆናለች፤ ሰው ከጎረቤቱ ቤት የሚደርሰው በጀልባ ወይም በእንጨት መተላለፊያ ነው። ለሳምንታት እንዲህ ይኖራሉ።

ምክንያቱ ራሱ ጎርፉ ነው። የኮሳኮች ጠላት በፈረስ የሚመጣ ታታር ነበር። ፈረስ ረግረግና ሸምበቆ ውስጥ አይሮጥም፤ የሞላ ወንዝም በቀላሉ አይሻገርም። ሌላው ሕዝብ ድንጋይ ክቦ የሚሠራውን ቅጥር እዚህ ወንዙ በየዓመቱ በነፃ ይሠራላቸው ነበር። ዓሣውም እደጃፍ ድረስ ይመጣል።

ከጎርፉ ጋር የመኖርን ብልሃት ለማየት የኮሳክን ቤት ማየት ይበቃል። ቤቱ ኩሬን ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከሥር በድንጋይ ወይም በጡብ የተሠራ ዝቅተኛ ፎቅ አለው፤ ከላይ መኖሪያው የእንጨት ነው። ከላይኛው ፎቅ ውጪ ቤቱን እየዞረ የሚሄድ ባለ መደገፊያ የእንጨት በረንዳ አለ። ታችኛው ፎቅ የዕቃና የእህል ማስቀመጫ ነው። ጎርፍ ሲቃረብ ዕቃው ወደ ላይ ይወጣል፤ ውሃው ታችኛውን ፎቅ ሞልቶ ይከርማል፤ ጀልባውም ከበረንዳው ሥር ይታሰራል። ውሃው ሲጎድል ጭቃው ይጠረግና ኑሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቤቱን የሠራው ሰው ጎርፉን ልከላከለው አላለም፤ በዓመት አንዴ የሚመጣ እንግዳ ነው ብሎ ክፍል ለቀቀለት።

ክቡና ጀልባው

ኮሳኮች ጉዳያቸውን የሚወስኑት በጉባኤ ነበር። ጉባኤው «ክሩግ» ይባላል፤ ቃሉ በቀጥታ ክብ ማለት ነው። ማይዳን በሚሉት አደባባይ ላይ ወንዶቹ ክብ ሠርተው ይቆማሉ። መሪያቸው አታማን ወደ መሃል ገብቶ ኮፍያውን ያወልቅና ለአራቱም ማዕዘን እጅ ይነሣል። ጉዳዩ ይነገራል፤ ሕዝቡ ይጮኻል፤ ድምፁ የበዛው ያሸንፋል። ዘመቻው፣ ፍርዱ፣ የሞስኮ መልእክት፣ የአታማኑ መመረጥና መውረድ ሁሉ በዚህ ክብ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም፤ ጮክ ብሎ የሚጮኽለት ወዳጅ ያለውም ይጠቀም ነበር። ቢሆንም ገበሬ እንደ ከብት ከመሬት ጋር በሚተላለፍበት አገር ጎን፣ ሰዎች መሪያቸውን በቃላቸው የሚሾሙበትና የሚሽሩበት ቦታ መኖሩ ትልቅ ነገር ነበር።

ሞስኮም ይህን ታውቅ ነበር። ከዶን ጋር የነበራትን ግንኙነት የምታካሂደው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቷ በኩል ነበር፤ እንደ ባዕድ አገር ማለት ነው።

ይህ ነፃነት ግን ከሥሩ አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ ቀዳዳውም ዳቦ ነው። ኮሳክ አያርስም። አለማረሱ ስንፍና አልነበረም። እርሻ ካለ ጌታ ይመጣል፤ ጌታ ከመጣ ገባርነት ይከተላል ብለው ስለሚፈሩ ነው። በ1690 እንኳ ከላይኛው ዶን ገባሮች ዳር ማረስ የጀመሩ ነበሩና፣ የሚያርስ ሰው እስከ ሞት እንዲደበደብ ሠራዊቱ አዝዟል። እህል ካልተመረተ ደግሞ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

የሚመጣው ከሞስኮ ነበር። የኮሳክ መልእክተኞች በየዓመቱ ወደ ሞስኮ ይወጣሉ፤ ንጉሡ ፊት ይቀርባሉ፤ ግብዣ ይደረግላቸዋል። ከዚያ ዱቄት፣ ባሩድ፣ እርሳስ፣ ጨርቅ፣ መጠጥና ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ጭነቱ ከቮሮኔዥ በኩል በጀልባ ቁልቁል ዶንን ይዞ ቼርካስክ ይደርሳል። ስሙ «ደመወዝ» ነበር። ኮሳኮች ድንበር ስለሚጠብቁ የሚገባቸው ዋጋ ነው ይላሉ። ሞስኮ ዋጋ መሆኑን አትክድም፤ ግን ስትቆጣ ጀልባውን ታስቀረዋለች። ከሺህ ፈረሰኛ ይልቅ ያልመጣ የዱቄት ጀልባ ያንበረክካል።

ይህ በግልጽ የታየው በአዞቭ ጊዜ ነው። አዞቭ ዶን ወደ ባሕር የሚገባበትን አፍ የሚዘጋ የቱርክ ምሽግ ነበር። በ1637 ኮሳኮች ሞስኮን ሳያስፈቅዱ ከበው ያዙት። በ1641 እጅግ የሚበልጣቸው የቱርክ ጦር መጥቶ ለሦስት ወር ያህል ከበባቸው፤ አልለቀቁም። ከዚያ «ምሽጉን ተረከበን» ብለው ለንጉሥ ሚካኤል ላኩ። ንጉሡ በ1642 ጉባኤ ጠርቶ አማከረና፣ ከቱርክ ጋር ጦርነት ስለፈራ «ልቀቁ» አለ። ያን ሁሉ ደም ያፈሰሱበትን ምሽግ አፍርሰው ወጡ። ከአዞቭ ያመጧቸው የብረት በሮችና የገበያ ሚዛን አግዳሚ ብረት ዛሬም በካቴድራሉ አደባባይ ላይ አሉ። እኔን እነዚያ በሮች ከሰንሰለቱ ባልተናነሰ ያሳዝኑኛል፤ ብቻቸውን ያሸነፉ ሰዎች ድላቸውን ብቻቸውን ይዘው መቆየት እንዳልቻሉ የሚናገሩ ናቸውና።

ራዚንን ማን አሳልፎ ሰጠው?

አሁን ወደ ሰንሰለቱ እንመለስ። ከ1649ኙ ሕግ በኋላ ወደ ዶን የሚሸሸው ሰው በረከተ። ቀድመው የመጡት ግን በታችኛው ዶን፣ በቼርካስክ ዙሪያ፣ ቤት ሠርተው፣ ከብት አርብተው፣ ንግድ ይዘው ተደላድለዋል። «ባለ ቤቶቹ» ይባሉ ነበር። አዲስ መጤዎቹ ደግሞ መሣሪያ የላቸው፣ ጫማ የላቸው፤ በላይኛው ዶን ተጠራቅመው «ራቁቶቹ» ተባሉ። የሞስኮ ደመወዝ የሚከፋፈለው በዋናነት ለቀደሙት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ አዲስ ስደተኛ ለባለ ቤቶቹ ሁለት ነገር ሆነ፦ በሕጋቸው የሚጠበቅ ወንድም፣ በኑሯቸው ግን ከዱቄቱ የሚሻማ ተፎካካሪ።

ራዚን ራሱ ከባለ ቤቶቹ ወገን የተወለደ ቢሆንም የመራው ራቁቶቹን ነው። በ1670 የቮልጋን ወንዝ ተከትሎ ጻሪጺንና አስትራካን የተባሉትን ከተሞች ያዘ፤ በየደረሰበት ገበሬው ጌታውን እየገደለ ተከተለው። በዚያው ዓመት መጸው ሲምቢርስክ ላይ ተሸነፈና ቆስሎ ወደ ዶን ተመለሰ። ሞስኮም የእህሉን ጀልባ አስቀርታ ነበር። የቼርካስክ ባለ ቤቶች ሒሳቡን አሰሉት። በሚያዝያ 1671 አታማን ኮርኒላ ያኮቭሌቭ፣ የራዚን የክርስትና አባት ነው የሚባለው ሰው፣ ካምፑን አጥቅቶ ራዚንን ከነወንድሙ ያዘ። ቼርካስክ ውስጥ ታሰረ፤ ሰኔ ላይ ሞስኮ ውስጥ አካሉ ተቆራርጦ ተገደለ። በነሐሴ ኮሳኮቹ ለንጉሡ የታማኝነት መሐላ ፈጸሙ። ከዚያ በፊት ንጉሡን እናገለግላለን እንጂ መሐላ አንምልም ይሉ ነበር።

እንግዲህ «ከዶን ተላልፎ የሚሰጥ የለም» የሚለው ሕግ የተሻረው ሞስኮ ጦር ልካ ስላሸነፈች አይደለም። የሚያጣው ነገር ያለው ሰው በዶን ላይ ስለበዛ ነው። ባለ ቤቶቹን ክፉ ሰዎች ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን እንዲያ አልልም። ልጆቻቸው የሚበሉት ዱቄት ከላይ የሚመጣ ሰዎች ነበሩ። ራዚን ሊሰጣቸው የሚችለው ነፃነት፣ ሞስኮ ልትሰጣቸው የምትችለው ዳቦ ነበር፤ ዳቦውን መረጡ።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያው ታሪክ ተደገመ። በ1707 ታላቁ ጴጥሮስ ልዑል ዩሪ ዶልጎሩኪን የጠፉ ገበሬዎችን ለቅሞ እንዲመልስ ወደ ዶን ላከው። ኮንድራቲ ቡላቪን የተባለ ኮሳክ ልዑሉን ከነወታደሮቹ ገደለና አመፀ። በግንቦት 1708 ቼርካስክን ያዘ፤ በክቡ አታማን ተብሎ ተመረጠ። ሁለት ወር ሳይሞላ የከተማዋ ሽማግሌዎች ተነሡበት፤ ቤቱ ተከቦ እዚያው ሞተ። የበቀሉ አዛዥ ሆኖ የመጣው የሟቹ ልዑል ወንድም ነበር። የላይኛው ዶን ሰፈሮች ተቃጠሉ፤ የተሰቀሉ ሰዎች ሬሳ በግንድ ታንኳ ላይ ከነመስቀያው ቁልቁል እንዲንሳፈፍ ተለቀቀ። ለመቶ ዓመት ዱቄት ያመጣው ወንዝ በዚያ ዓመት ያመጣው ይህን ነው።

በቀጣዩ ዓመት በ1709 ጴጥሮስ ራሱ ቼርካስክ መጣ። ካቴድራሉ ከ1706 ጀምሮ በድንጋይ እየተሠራ ነበር፤ ያለቀው በ1719 ነው። ንጉሡ በእጁ ጡብ አስቀምጧል ይባላል። የከተማዋ ሰው የሚያወጋው ሌላ ታሪክም አለ፦ ጴጥሮስ ከተማዋ ውስጥ ልብሱን ሁሉ ሸጦ የጠጣ፣ መሣሪያውን ግን ያልሸጠ ራቁቱን ያለ ሰካራም ኮሳክ በርሜል ላይ ተቀምጦ ያያል። ደስ ብሎት የኮሳኮችን ማኅተም ይለውጣል። የቀድሞው ማኅተም ቀስት የተወጋ አጋዘን ነበር፤ አዲሱ በርሜል ላይ የተቀመጠ ራቁት ኮሳክ ሆነ። ማኅተሙ እውነት ነው፤ ታሪኩ ተረት ሊሆን ይችላል። የተረቱ ትርጉም ግን ግልጽ ነው። ንጉሥ የሚወደው ኮሳክ ሁሉን ቢያጣ መሣሪያውን የማይጥል፣ መሣሪያውንም ለንጉሡ የሚይዝ ነው።

በ1721 ዶን ከውጭ ጉዳይ ወጥቶ «ጦር ኮሌጅ» ወደሚባለው የጦር ጉዳይ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ወረቀት ላይ አንዲት መሥመር ናት፤ ትርጉሟ ግን «ከእንግዲህ አገር አይደላችሁም፣ ክፍለ ጦር ናችሁ» ነው። አታማኑንም ክቡ መምረጡ እየቀረ ንጉሡ የሚሾመው ሆነ። በ1730 ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የቅድስት አና ምሽግ ተሠራ፤ የአፈር ግንቡ እስከ አሁን አለ። ምሽጉ የተሠራው በቱርክ ላይ ነው ተባለ። መድፉ ኮሳኮቹንም እንደሚያይ ግን ለማንም ስውር አልነበረም።

መዲናዋ ስትሄድ

ድንበሩ ወደ ደቡብ በሸሸ ቁጥር የጎርፉ ጥቅም አነሰ። ክሪሚያ በ1783 በሩሲያ ተጠቃለለች፤ ታታር በፈረስ የሚመጣበት ዘመን አበቃ። ጠባቂ የነበረው ውሃ ከዚያ በኋላ ጣጣ ብቻ ሆነ። በጎርፍ ወራት የሠራዊቱ ጽሕፈት ቤት ከአገሩ ይቆረጣል፤ ረግረጉ በሽታ ያመጣል፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው በእንጨት የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ሲቃጠል ሰፈሩ ይቃጠላል። የ1744ቱ ቃጠሎ አብዛኛውን ከተማ በልቷል፤ የባሩድ ማከማቻውም ፈንድቷል። ከዚያ በኋላ ሀብታሞች በጡብ፣ በብረት በርና በብረት መስኮት መዝጊያ መሥራት ጀመሩ። የዡቼንኮቭ ቤት የሚባለው እንዲህ ያለ ነው፤ ዛሬ የሚያየው ሰው ቤት ሳይሆን ካዝና ይመስለዋል።

በ1801 አታማን የሆነው ማትቬይ ፕላቶቭ የቼርካስክ ልጅ ነው። መዲናዋን ወደ ደረቅ ኮረብታ ለማዛወር ወሰነ፤ ንጉሥ አሌክሳንደር 1ኛ ፈቀደ። ፕላኑን የነደፈው ቀደም ሲል ኦዴሳን የነደፈው መሐንዲስ ፍራንዝ ደ ቮላን ነው። በግንቦት 1805 ኖቮቼርካስክ፣ «አዲሱ ቼርካስክ»፣ ተመሠረተች። አሮጌዋም ስታሮቼርካስክ ተባለች፤ «ስታሮ» አሮጌ ማለት ነው። ብዙው ኮሳክ መሄድ አልፈለገም። ቦታው ከፍ ያለ ነው፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ከዶን ይርቃል፤ የአባቶች መቃብርም ቀርቷል። አዲሷ ከተማ ጎዳናዋ እንደ ሰልፍ ቀጥ ያለ፣ አደባባይዋ ለክፍለ ጦር የሚበቃ ነበር። ለሰልፍ እንጂ ለክብ አልተሠራችም።

ፕላቶቭ በ1812 ናፖሊዮንን ያባረረው የኮሳክ ጦር መሪ ሆኖ በመላው አውሮፓ ስሙ ገነነ፤ ይህ በየቦታው ስለተጻፈ እዚህ አላስረዝመውም። ይልቅ ከዚያ በኋላ በሕግ የሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። በ1835 የወጣው ደንብ ኮሳክነትን በትውልድ የሚተላለፍ መደብ አደረገው። ለአንድ ወንድ 30 ዴሲያቲን መሬት፣ ወደ 33 ሄክታር ማለት ነው፣ ይደርሰዋል። በምላሹ የወጣትነት ዘመኑን ሁሉ ለውትድርና ይሰጣል፤ ፈረሱን፣ ልብሱንና ጎራዴውን በገዛ ገንዘቡ ይገዛል። በ1875 አገልግሎቱ 20 ዓመት ሆነ። ማረስን ፈርተው የሸሹ ሰዎች ዘሮች በመጨረሻ የሚያርሱ፣ ለእርሻውም በልጆቻቸው የሚከፍሉ ሆኑ። የጌታ ገባር አልሆኑም፤ የንጉሥ ገባር ሆኑ። በ1905 ሠራተኛው አደባባይ ሲወጣ ጅራፍ ይዞ የበተነው ፈረሰኛ ኮሳክ የሆነውም በዚህ መንገድ መጥቶ ነው።

እኛ ዘንድ የደረሱት ኮሳኮች

የዚህ ታሪክ ሁለት ጫፎች በእኛ አካባቢም ታይተዋል። በጥር 1889 ኒኮላይ አሺኖቭ የተባለ ሰው ራሱን «የነፃ ኮሳኮች አታማን» ብሎ፣ ከመቶ በላይ ተከታዮችና መነኮሳት ይዞ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሳጋሎ ላይ ሰፈረ፤ ዓላማው ወደ ሐበሻ አገር መግባት ነበር። ቦታው የእኛ ነው የሚሉት ፈረንሳዮች በየካቲት በመርከብ መድፍ ደበደቡት፤ ሰው ሞተ፤ የቀረው ተይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሩሲያ መንግሥትም አላውቀውም አለ። በ1889 «ነፃ ኮሳክ» የሚባል ነገር ሩሲያ ውስጥ አልነበረም። አሺኖቭ የተጠቀመው የራዚን ዘመን ስም ነው፤ ስሙ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላም ሰው ለማሰለፍ በቅቷል።

ሁለተኛው በ1898 መጀመሪያ አዲስ አበባ የደረሰው የሩሲያ ኦፊሴላዊ መልእክተኛ ቡድን ነው። አጃቢዎቹ የዘብ ኮሳኮች ነበሩ፤ አዛዣቸው የዶን ኮሳክ ቤተሰብ ልጅ የሆነው መኮንን ፒዮትር ክራስኖቭ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ፊትም የኮሳክን የፈረስ ጥበብ አሳይተዋል፦ ኮርቻ ላይ መቆም፣ በሩጫ ላይ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ዕቃ ማንሣት። እነዚህ የታዘዙበት ቦታ የሚሄዱ፣ የሚያምር ልብስ የለበሱ የንጉሥ ሰዎች ናቸው። አዋሽን ሊሻገር የተመኘው ሽፍታና ቤተ መንግሥት የገባው አጃቢ አንድ ስም ይዘው በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ አንድ አገር መጡ።

ክራስኖቭን ታሪክ እንደገና ያነሣዋል። ንጉሡ በ1917 ሲወርድ ዶን ክቡን መልሶ ሰበሰበ፤ ከጴጥሮስ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አታማን መርጦ ካሌዲንን ሾመ። ካሌዲን በ1918 መጀመሪያ ራሱን ገደለ፤ በግንቦት ክራስኖቭ ተመረጠ። በዚያን ጊዜ ከዶን ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ኮሳክ ያልሆነ፣ መሬት የሌለው መጤ ነበር። ድሮ «ራቁቶቹ» የሚባሉት አሁን በሌላ ስም ተመለሱ፤ ኮሳኮቹ በሙሉ ደግሞ ባለ ቤት ሆነው ጠበቋቸው። ጥር 24 ቀን 1919 የቦልሼቪክ ፓርቲ በባለጸጋ ኮሳኮች ላይ የጅምላ ሽብር እንዲፈጸም ሚስጥራዊ መመሪያ አወጣ። በየመንደሩ የተገደለው ባለጸጋ ብቻ አልነበረም። ክራስኖቭ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከናዚ ጀርመን ጎን ቆመ፤ ተይዞ በ1947 ሞስኮ ውስጥ ተሰቀለ። ይህን ያደረገውን ሰው ስለ ዶን ባለው ፍቅር ይቅር ማለት አልችልም።

አሮጌዋ ከተማ ከዚህ ሁሉ ያተረፋት መረሳቷ ነው። መዲናነቷ ስለተወሰደ ማንም አፍርሶ እንደገና ሊሠራት አልደከመም። በ1970 ሙዚየም ሆና ተከለለች። ከዚያ አስቀድሞ በ1952 ከላይ በኩል የጺምሊያንስክ ግድብ ተሠርቶ፣ ዶንን ከቮልጋ የሚያገናኘው 101 ኪሎ ሜትር ቦይም በዚያው ዓመት ተከፍቷል። ግድቡ የፀደዩን ውሃ ስለሚይዘው ዶን እንደ ድሮው ሞልቶ አይወጣም።

ኩሬኖቹ ግን እንደተሠሩ አሉ። የመኖሪያው በር ከመሬት ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ወደ እሱ የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ ረጅም ነው፤ በረንዳው ቤቱን ይዞራል። በበጋ ከሮስቶቭ በጀልባ የሚመጣው ጎብኚ ደረጃውን ወጥቶ፣ መደገፊያውን ይዞ ቁልቁል ሲመለከት የሚያየው ደረቅ ሣር ነው።